የሠላሳ ብሩ ዕዳና የማክሰኝት ሽምብራ

እናቴ ከማረፏ በፊት ደጋግማ የምታነሳው አንድ ነገር ነበር። «ለጎረቤቴ ሠላሳ ብር አለብኝ» ትል ነበር። እኛ ልጆቿ እየሳቅን «እማ፣ ሠላሳ ብር ዛሬ ምን ይገዛል? ይህን ሁሉ ዓመትስ ማን ያስታውሰዋል?» ስንላት ትቆጣ ነበር። «እሷ ታስታውሳለች። እሷ ብትረሳው እንኳ እኔ አልረሳሁትም» ትለን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1976 ዓ.ም. (1984) ወደ ሱዳን ለመነሳት ስንሰናዳ አባቴ በሬዎቹን ገበያ አውጥቶ መሸጥ አልቻለም። በሬ የሸጠ ገበሬ ሊሄድ ነው ተብሎ ወዲያው ይታወቃል። እናቴ ምስጢሩን ለአንዲት ክርስቲያን ጎረቤታችን ብቻ ነገረቻት። ያቺ ሴት በማግስቱ ምሽት ወንዝ ዳር መጣች። ሠላሳ ብር በጨርቅ ቋጥራ ድንጋይ ላይ አስቀመጠች፣ እናቴም ከድንጋዩ ላይ አነሳችው። ያን ጊዜ በእኛና በእነሱ መካከል ያለመነካካት ሥርዓት እንደነበረ አንባቢዎቼ ታውቃላችሁ። ወረቀት አልተጻፈም፣ ዋስ አልተጠራም። «ስትመለሺ ትከፍዪኛለሽ» አለቻት፣ በዚህ ተለያዩ።

እናቴ ሳትመለስ እዚህ አገር አረፈች። እኔ ግን በጥር ወር 2023 ተመለስኩ። የሰሜኑ ጦርነት በፕሪቶሪያው ስምምነት ከቆመ ገና ሦስት ወር ገደማ ነበር፤ መንገዱ ተከፍቷል፣ ሰውም ይንቀሳቀሳል። በቦርሳዬ 300 ዶላር ይዣለሁ። ሠላሳ ብሩን ከነወለዱ ልከፍል ነው፣ ብዬ ለራሴ ቀለድኩ።

ጎንደር ላይ ዶላሩን በባንክ ቀየርኩት። ያን ሰሞን ባንክ አንዱን ዶላር በ53 ብር ገደማ ይመነዝር ስለነበር ወደ 16 ሺህ ብር ሰጡኝ። በማግስቱ ጠዋት በሚኒባስ ወደ ደቡብ ወረድኩ። አዘዞን አልፈን፣ ጠዳን አልፈን፣ በባሕር ዳሩ መንገድ ማክሰኝት ደረስን። ያደግሁበትን ምድር ገና ከመስኮቱ ሳየው ሆዴ ተላወሰ። ጥቁሩ ዋልካ መሬት ተሰነጣጥቋል፤ በላዩ ላይ ሽምብራው ደርቆ ገበሬው እየነቀለ ይከምራል። ሽምብራ እንደምታውቁት ዝናብ ሲወጣ በመስከረም ይዘራና መሬቱ ይዞ ባቆየው እርጥበት ያድጋል። ጥር ላይ ለአጨዳ ይደርሳል፤ የዓመቱ ገንዘብም የሚመጣው ያኔ ነው።

እኔ ልጅ እያለሁ ገንዘብ ምን እንደነበረ ታስታውሳላችሁ። በመቀነት ይቋጠራል፣ በእንስራ ውስጥ ይቀበራል፣ ወይም ጨርሶ የለም። አባቴ ቀጥቃጭ ነበር፤ ማረሻና ማጭድ ሠርቶ ዋጋውን በእህል ይቀበላል። እናቴ የሸክላ ድስት ሠርታ በእህል ትለውጣለች። መሬት የሰው ነበር። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ሲወጣ ነው ብዙዎቻችን ለመጀመሪያ ጊዜ የራሳችን የምንለው ማሳ ያገኘነው። ባንክ ጎንደር ከተማ ነበር፤ ከእኛ ሰው ግን ደጁን የረገጠ መኖሩን እንጃ። የተቸገረ ሰው ከዘመድ ይበደራል፣ ዘመድ ያጣ አራጣ አበዳሪ ዘንድ ይሄዳል፣ አራጣ የገባበት ቤት ደግሞ ቶሎ አይወጣም።

ዛሬ ማክሰኝት ላይ ባንኩ በየአቅጣጫው ነው። ድሮ በገጠሩ በቡድን ዋስትና የሚያበድረው «አብቁተ» የምንለው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በ2022 ፀደይ ባንክ ሆኗል። ከባንኮቹ ይልቅ ዓይኔን የሳቡት ግን ትናንሾቹ ሱቆች ናቸው። ሳሙናና ክብሪት በሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ በር ላይ «ቴሌብር እዚህ አለ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ባለሱቁ ወኪል ነው። ጥሬ ገንዘብ ብትሰጠው ስልክህ ውስጥ ያስገባልሃል፣ ልታወጣ ብትፈልግ ከመሳቢያው ቆጥሮ ይሰጥሃል።

ከማክሰኝት ወደ መንደራችን በእግር ሁለት ሰዓት ነው። እናቴ ዕዳ ያለባት ሴት ካረፈች ቆይታለች። ልጇ ግን አለች። አብረን ውኃ የቀዳን፣ አብረን ጥጃ የጠበቅን እኩያዬ ናት፤ ከልጅነታችን ጀምሮ የምንጠራራው «እታለም» እየተባባልን ነው። በሩ ላይ ስታየኝ መጀመሪያ አላወቀችኝም። ስሜን ስነግራት እጇን አፏ ላይ ጭና ቆመች፣ ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን።

ቡናው ሁለተኛው ሲቀዳ ስለ ሠላሳ ብሩ ነገርኳት። ሳቀች። «እናቴ ስትሞት ነግራኛለች። ‹ያቺ ሰው ትመጣለች፣ ባትመጣም ልጆቿ ይመጣሉ› ብላ ነበር» አለችኝ። እኔም ገንዘቡን ከቦርሳዬ አወጣሁ። እታለም ግን እጇን አልዘረጋችም።

«አይ እታለም፣ ቤት ውስጥ ይህን ያህል ብር አላሳድርም። በስልክ አድርጊልኝ።»

ገረመኝ። ፊደል ያልቆጠረች፣ በሣር ቤት የምትኖር ባልቴት «በስልክ አድርጊልኝ» ስትለኝ! ቀጥላም ቀለደችብኝ፦ «የዛሬውም ገንዘብ እንደ ድሮው ሳንነካካ ነው የሚሄደው።»

እንግዲህ የገባኝን ላስረዳ። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን የጀመረው በ2021 ግንቦት ወር ነው። ኬንያውያን በ2007 የጀመሩት ኤምፔሳ ዓይነት መሆኑ ነው። ዘመናዊ ስልክ አይጠይቅም። ባለ ቁልፏ ተራ ስልክ ላይ *127# ተብሎ ሲደወል ዝርዝር ይመጣል፦ ለመላክ ይህን፣ ቀሪ ሂሳብ ለማየት ይህን ተጫን ይላል። ኢንተርኔት አያስፈልገውም፣ ኔትወርክ ካለ ይበቃል። መጨረሻ ላይ የምስጢር ቁጥር ይጠይቃል። ቁጥሩን ያስገባ ሰው የገንዘቡ ጌታ ነው።

ለገበሬው ጥቅሙ ትልቅ ነው። ድሮ ሽምብራ የሸጠ ሰው ገንዘቡን በጉያው ይዞ ሲመሽ ወደ ቤቱ ይጓዛል፤ የገበያ ቀን ማን ምን እንደሸጠ ሌባ ሁሉ ያውቃል። አሁን ነጋዴው እህሉን መዝኖ በስልክ ይልክለታል፣ ሰውየው ባዶ እጁን ይገባል። ወደ ባንክ ሄዶ ተሰልፎ አንድ የሥራ ቀን ማቃጠል ይቀርለታል። ከዚህም በላይ ገንዘቡ ሲገባና ሲወጣ ይመዘገባል። በ2022 ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር «መላ» እና «እንደኪሴ» የሚሉ ብድሮችንና «ሳንዱቅ» የሚል ቁጠባ ጀምሯል። አነስተኛውን ብድር ለማግኘት ቤትና መኪና ማስያዝ የለም፤ የሚታየው ሰውየው በስልኩ ገንዘብ ሲያንቀሳቅስ የኖረበት መዝገብ ነው። በኖረበት ዘመን ሁሉ መዝገብ ላይ ገብቶ ለማያውቅ ገበሬ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

እኔም ይህን ሁሉ ሰምቼ «በይ ቁጥርሽን ንገሪኝ» አልኳት።

እታለም ዝም አለች። ከዚያ «ቁጥሩ የልጄ ነው» አለችኝ።

ነገሩ ቀስ እያለ ወጣ። ስልኩም ሲም ካርዱም በልጇ ስም ነው። የምስጢር ቁጥሩን የሚያውቀው ልጇ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ መሬቱን የሚያርሰውም እሱ ስለሆነ፣ የሽምብራውና የነጭ ሽንኩርቱ ዋጋ ሁሉ በእሱ ስልክ ይገባል። ልጁ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ እናቱን የሚወድ ጎበዝ ልጅ ነው። ባለፈው ጥቅምት ግን እንደ ብዙ የአካባቢው ወጣት ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወረደ። ስልኩን በኪሱ ይዞ ሄደ፣ የቤቱም ገንዘብ አብሮት ሄደ።

በዚያው ሰሞን የልጅ ልጇ ታመመ። ትኩሳቱ አልበርድ ሲል ሆስፒታል ይወሰድ ተባለ። እታለም ለልጇ በጎረቤት ስልክ ብታስደውል ቆላው ኔትወርክ የለውም፣ አልተገኘም። አንድ ቀን ጠበቀች፣ ሁለት ቀን ጠበቀች። በሦስተኛው ቀን ነጋዴ ቤት ሄዳ ገና ማሳ ላይ ያለውን ሽምብራ ሸጠች፤ በመከር ከሚያወጣው በግማሽ ዋጋ። ልጁ ዳነ፣ ይመስገነው። እኔ ቤቷ የደረስኩት ያንን ሽምብራ ለነጋዴው በምታስረክብበት ሳምንት ነበር። ጆንያዎቹ በረንዳው ላይ ተደርድረው እያየኋቸው «ይህ ሁሉ የማን ነው?» ብላት፣ «የሰው ነው» አለችኝ።

ከሣጥኗ አንድ ነገር አውጥታ አሳየችኝ። የመሬት ይዞታ ደብተሯ ነው፣ አረንጓዴው። በእሱ ላይ የባሏም የእሷም ስም ተጽፏል፣ ፎቷቸውም ጎን ለጎን አለ። መሬቱ በስሟ ነው፤ ከመሬቱ የሚወጣው ገንዘብ ግን በስሟ አይደለም። ነገ መዝገብ ታይቶ ብድር ቢሰጥም ታማኝ ተብሎ የሚቆጠረው ልጇ ነው፣ እሷ በመዝገቡ ውስጥ የለችም።

«ለምን የራስሽን አታወጪም?» አልኳት።

«እኔ ፊደል አላውቅም። ደግሞ ልጄን አላመንኩትም ይባላል።»

ይህን ሁለተኛውን ቃል ልብ በሉት፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ልጁ ማታ ከማሳ ሲገባ ፊት ለፊት ተነጋገርን። አልተቆጣም፣ አፍሮ አንገቱን ደፋ። «እማ፣ ቀድሞም ላወጣልሽ ይገባ ነበር» አላት። በማግስቱ ቀበሌ ሄድን። የመታወቂያዋ ጊዜ አልፎበታል፣ አንድ ቀን አመላለሱን፣ በሦስተኛው ቀን አዲሱን ይዘን ማክሰኝት ወረድን። ሲም ካርዱ በስሟ ወጣ። ባለ ቁልፍ ስልክ ገዛንላት።

የምስጢር ቁጥር ማውጣት ላይ ስንደርስ የሱቁ ልጅ «እማማ፣ ቁጥሩን ይንገሩኝ፣ እኔ አስገባልዎታለሁ» አላት። ልጁ በቅንነት ነው፤ ብዙ ሰው እንዲያ ያደርጋል። እታለም ልትነግረው አፏን ስትከፍት እጇን ያዝኳት። «አይነገርም፣ በራስሽ ጣት ነው የሚገባው» አልኳት። ፊደል አታውቅም እንጂ አኃዝ ታውቃለች፤ ዕድሜዋን ሙሉ ብር ቆጥራለች። እኛ ሁላችን ፊታችንን አዞርን። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ስትጫን ድምፁ ይሰማኛል፤ ጊዜ ወሰደባት። ከዚያ ስልኩ ጮኸ። መልእክቱን ልጇ አነበበላት። እሷ ግን አኃዙን ራሷ ለይታ «አዎ፣ ልክ ነው» አለች።

ይህ ንባብ ነገር ለብዙ ገበሬ ከባድ ነው። ስለ ማዳበሪያና ስለ ተባይ መጠየቅ የፈለገ ገበሬ ከ2014 ጀምሮ 8028 ላይ ደውሎ በአማርኛ ምክር ይሰማል፤ ጆሮ ያለው ሁሉ ይጠቀምበታል። የገንዘቡ መልእክት ግን ለእታለም የመጣላት በጽሑፍ ነው። ማንበብ የማትችል ሴት የራሷን ገንዘብ ወሬ ከሰው አፍ ትሰማለች። ስለዚህ ሁለት ነገር ተለማመደች፦ ቀሪ ሂሳቧን የሚያሳየውን ተራ ቁጥር፣ እና ገንዘብ የሚወጣበትን። ሌላውን ተዪው አልኳት።

ሥራው ሁሉ አልጋ በአልጋ አልነበረም። ከገንዘቡ ላይ ትንሽ ልታወጣ ወደ ሌላ ሱቅ ብንሄድ «ዛሬ ጥሬ ብር አልቆብኛል» አለን። የገበያ ቀን ሁሉም ሰው ማውጣት ስለሚፈልግ የወኪሉ መሳቢያ ባዶ ይሆናል። ለሚያወጣ ሰውም ጥቂት ክፍያ አለው።

እታለም ይህን አይታ ያደረገችውን ልንገራችሁ፤ እኔ አልመከርኳትም። 16 ሺህ ብሩን ሦስት ቦታ ከፈለችው። ከፊሉ ስልኩ ውስጥ ቀረ። ከፊሉን ለሴቶች ቁብ አስቀመጠች። በቀረው ሁለት በግ ገዛች። «በጓ ኔትወርክ አትፈልግም» አለችኝ።

እውነትም ነበር። እኔ ከተመለስኩ ከወራት በኋላ፣ በነሐሴ 2023 በአማራ ክልል ውጊያው ተነሳ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ። ስልክም አንዳንድ ጊዜ ይሠራል፣ አንዳንድ ጊዜ አይሠራም። ለሳምንታት ደውዬ አላገኘኋትም። እዚህ ያላችሁ፣ ዘመድ እዚያ ያላችሁ ሁሉ ያንን ጊዜ ታውቁታላችሁ፤ እንቅልፍ አልነበረንም። በመጨረሻ በመስከረም አንድ ቀን ድምጿን ሰማሁ። ደህና ነን አለችኝ። መንገድ ሲዘጋ አንዷን በግ ሸጣ ዘይትና ጨው ገዝታለች፣ ኔትወርክ በተመለሰ ቀን ደግሞ ራሷ ደውላ ገንዘቧን አይታለች። «አለ፣ አልጠፋም። ቁጥሩንም አልረሳሁም» አለችኝ። ልጇ ያን ዓመት መተማ አልወረደም። ሽምብራው ተዘርቷል።

አሁን ወደዚያች ቃል ልመለስ፣ «ልጄን አላመንኩትም ይባላል» ወዳለችው።

ማክሰኝት ላይ እጇን ይዤ «አይነገርም» ስላት ልቤ ወቅሶኛል። የእኔን የባንክ ካርድ የምስጢር ቁጥር የምታውቀው የልጅ ልጄ ናት። ከቢቱዋህ ሌኡሚ ስንት እንደገባልኝ የምትነግረኝ እሷ ናት። ካስፖማት ፊት ቆሜ «ነይ አንቺ ጫኚልኝ» እላታለሁ። ዕብራይስጡ ይከብደኛል፣ ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ያስቸኩለኛል። ባንኩ ውስጥ በፊት ሰው ነበር፤ አሁን ማሽን ነው፣ ሰው ለማነጋገር ቀጠሮ ይያዝ ይላሉ። የልጅ ልጄ ሳንቲም ነክታብኝ አታውቅም። እሷ ወታደር የምትገባበት ቀን ግን እየቀረበ ነው። ያኔ እኔም እንደ እታለም የገንዘቤ ስልክ መተማ ወረደ ማለት አይደለምን?

ስንቶቻችን ነን እንዲህ የምንኖር? ልጅን ማመንና የራስን ቁጥር በራስ መያዝ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እናቴ ጎረቤቷን ታምናት ነበር፤ ሠላሳ ብሩን ግን ዘመኗን ሙሉ በራሷ ጭንቅላት ይዛ ኖረች እንጂ ለእኛ «አስታውሱልኝ» ብላ አልተወችውም።

ከጉዞው በተመለስኩ በሁለተኛው ሳምንት ባንክ ቀጠሮ አስያዝኩ። የልጅ ልጄም አብራኝ መጣች፤ እንድታስተረጉምልኝ ብቻ። አዲስ የምስጢር ቁጥር ይውጣልኝ አልኩ። ልጅቱ «ሳቭታ፣ ለምን?» አለችኝ። ስለ ሽምብራው ነገርኳት። ካስፖማቱ ፊት ቆምን፤ ከኋላችን ሰው ተሰልፏል።

«ፊትሽን አዙሪ» አልኳት። አዞረች። ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። ከኋላዬ አንድ ሰውዬ ተነፈሰ፣ ዝም አልኩት። በሦስተኛው ገባ። ሃምሳ ሼቄል ብቻ አወጣሁ፣ የሚያስፈልገኝ ገንዘብ አልነበረም።